ባቡር የምታስረጀዋ ዘይነባ

ዘይነባ ሞተች ብለው ሲነግሩኝ መጀመሪያ የመጣልኝ እንባ አልነበረም። በሆዴ «በቃ! ከእንግዲህ ማን ይችላታል!» ነው ያልኩት። በቁሟም የማትቻል ሴት ነበረች። አሁን ደግሞ ሟች ሆና ስሟ ላይ አንድ ጭረት የሚያወጣ ሰው አይገኝም። በእኛ አገር የሞተ ሰው ክፉ ሠርቶ አያውቅም።

የፈራሁት አልቀረም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ መዶሻ ቆሞ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ቆመ። በርሜል ቆራጩ፣ ምድጃ ሠሪው፣ ሚስማር አቃኚው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቀብር ነጎደ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የአውቶቡስ ተራ ተሸካሚዎች ሳይቀሩ። አባቴ ደግሞ አለ። ጉልበቴን ብሎ የገዛ ወንድሙ ቀብር ላይ ያልተገኘ ሰውዬ፣ ከዘራውን ይዞ እስከ መቃብሩ በእግሩ ሄደ። መንገዱን ሙሉ «ልጄን! ልጄን!» ይላል። ክንዱን ደግፌ የያዝኩት እኔ ልጁ ነኝ። ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ ብሞት እንዲህ ይለኛል ወይ ብዬ አሰብኩ፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

ታደለ እባላለሁ። ዘይነባ ከመምጣቷ በፊት ምናለሽ ተራ ውስጥ «ባቡር ሠሪው» ሲባል እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ትንንሽ የናፍጣ ባቡሮች መሥራት ነው። የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ከለገሃር ተነስተው ድሬዳዋ፣ ከዚያም ጅቡቲ ይወርዱ የነበሩትን ባቡሮች ነው፤ ፉርጎውን ትቼ ጎታቹን ራሱን ብቻ፣ ክንድ በምታህል ርዝመት አሳንሼ እሠራለሁ። የሚያዙኝ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ ሰዎች ቤተሰቦች ናቸው። አባታቸው የነዳው ባቡር ሳሎን እንዲቀመጥላቸው ይፈልጋሉ። ስለዚህ መሰላሉም፣ መብራቱም፣ ጡሩንባውም ከእውነተኛው ጋር ቁርጥ መሆን አለበት።

አባቴ ጋሽ በየነም የባቡር ነጂ ነበር። ሌሎችንም ነድቷል፤ በልቡ ያለችው ግን አንዲት ናት። ቁጥር ነበራት፤ እሱ ግን እንደ ከብት ስም አውጥቶላት «ዳልቻ» ይላታል። እኔ ዳልቻን ሦስት ጊዜ ሠርቼለታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አገላብጦ ያይና «ቆንጆ ነው» ብሎ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ያስቀምጠዋል። ቆንጆ ነው! ለጎረቤት መጋረጃም እኮ ቆንጆ ነው ይባላል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የእጄን ሥራ ይዞ «ይህቺ የኔዋ ናት» እንዲለኝ። ጣቶቼ በቆርቆሮ ተቆራርጠው ጠባሳ ብቻ የሆኑት ለሌላ እንዳይመስላችሁ፤ ለዚች ቃል ነው።

ዘይነባን ወደዚህ ሥራ ያመጣኋት እኔው ነኝ ማለት ይቻላል። ሆቴሎች የጣሉትን የዘይት ቆርቆሮ ሰብስባ፣ በአመድ ፈትጋ አጥባ የምትሸጥልኝ እሷ ነበረች። ከስልጤ አገር በልጅነቷ መጥታ መርካቶ ያደገች ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን ጎጃም በረንዳ ሆና ብትጣራ እህል በረንዳ ያለ ሰው አቤት ይላል። አንድ ቀን አዲስ የቀባሁትን ባቡር ፀሐይ ላይ ሳሰጣ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አረንጓዴው ያብለጨልጫል፣ ቢጫው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ነው፣ ፊት የሚያሳይ ሥራ።

«ታዴ፣ ይሄ ባቡር ነው ወይስ ሙሽራ?» አለችኝ።

ተራው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን አባቴ ላድርግ! «አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ቆርቆሮሽን እጠቢ» አልኳት።

«ባቡር ባላውቅ የደከመው ሰው አውቃለሁ» አለች። «ይሄ እኮ አንድ ቀን ሥራ ገብቶ አያውቅም።»

ከዚያ ወዲህ በቆርቆሮ ክምሯ መሃል ተቀምጣ ራሷ መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያ ሥራዋን አይቼ እሰይ አልኩ። ቆርቆሮን ከቆርቆሮ የምናጣብቅበት ስታኞ በሷ እጅ ሲገባ እንደ ሻማ ይንጠባጠባል፤ ማዕዘኑ ተንጋዷል። የኔ መጋጠሚያ በጥፍር ቢፈልጉት አይገኝም። በብየዳ እስከ መጨረሻው አልደረሰችብኝም፤ ይሄን ራሷም ትመሰክር ነበር። ቀለሙ ላይ ስትደርስ ግን ጉድ ፈላ።

እኛ ስፕሬይ እንነፋለን። እሷ የጥፍር ቀለም ታመጣለች! ሴቶች የተዉትን ብልቃጥ ሰብስባ፣ በአሴቶን አቅጥና፣ መጀመሪያ ባቡሩን ቀይ ትቀባዋለች። «አብደሻል? ባቡሩ አረንጓዴ ነው» ስላት «በፊት ቀይ ነበር፣ ነጂዎቹ ነግረውኛል» ትላለች። ቀዩ ሲደርቅ አረንጓዴውን ትደርብበታለች። ከዚያ ደግሞ ያን የመሰለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ትፈትገዋለች፤ እግር የሚረግጥበትን፣ እጅ የሚይዝበትን ብቻ እየመረጠች፣ ከሥር ያለው ቀይ ብቅ እስኪል። ለጭሱ ጥላሸት ኩል ታደርጋለች። ለዝገቱ ሻይ ቅጠል ታፈላለች። እህል በረንዳ ጆንያ ሲራገፍ የሚቀረውን ብናኝ ለቅማ በወንፊት ትነፋና፣ ቀለሙ ሳይደርቅ እፍ ትልበታለች፤ ቁጭ የአዋሽ አቧራ። ሲያልቅ ጉንጯን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች፣ ባቡሩ ወደሷ የሚመጣ ይመስል። «ና! ና! ደረስክ!» ትለዋለች። እብድ ናት እኮ!

ቀለም ቀቢ ሲሏት ትቆጣለች። «እኔ ቀቢ አይደለሁም፣ አስረጂ ነኝ። አዲስ ነገር የማንም አይደለም፤ ሲያረጅ ነው ባለቤት የሚኖረው» ትላለች። ይህችን አባባል ተራው ሁሉ ይዞ ይደጋግማታል፤ ምድጃ ሠሪው እንኳ የተሰነጠቀ ምድጃ ሲሸጥ ይናገራታል። እኔ በሰማኋት ቁጥር ጨጓራዬ ይላጣል። ለምን? ልክ ስለሆነች ነዋ! ውሸት ብትሆን ስቄ አልፋት ነበር።

ደንበኞቼ አንድ በአንድ ወደሷ ዞሩ። አንድ ቀን ከባቡር ጥገና ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ልጆቹ ይዘውት መጡ። መጀመሪያ እኔ ጋ ነበር የመጡት። መሰላሉ በየት በኩል ነበር? «እንጃ ልጄ።» ጡሩንባውስ? «ረስቼዋለሁ፣ ስንት ዘመኑ!» ምን ብጠይቀው ጠብ የሚል ነገር የለም። ወደ ዘይነባ ሄዱ። ሌላ ጊዜ ሲመለሱ የሠራችውን አቀረበችለት። ሳየው ልቤ በደስታ ዘለለች። መሰላሉ የማይሆን ቦታ ገብቷል፣ ጡሩንባው ከመብራቱ በታች ተለጥፏል። ሕፃን የማይሳሳተው ስሕተት! አለቀላት አልኩ።

ሽማግሌው ባቡሩን ሲያይ ከዘራውን ቀሰረበት። «ምንድነው ይሄ? ማነው ጡሩንባ እዚህ የሰካ? ጣሪያው ላይ ነው እንጂ! አንዱ አፉ የተሰበረ ነው፣ ወጥቼ በሽቦ ያሰርኩት ራሴ ነኝ!» አንዴ ከጀመረ ማን ያቁመው። መሰላሉ፣ የመሰላሉ ሁለተኛ ደረጃ መጣመሙ፣ ዘይት የሚያፈሰው ቧንቧ፣ በቧንቧው ሥር ያለው ጥቁር ሰንበር፤ ሁሉንም ዘከዘከው። ዘይነባ «እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ» እያለች ትሰደባለች፤ እጇ ግን የሚላትን ሁሉ በሚስማር ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ይጭራል።

ሲሄዱ ወደኔ ዞራ ጠቀሰችኝ። «ታዴ፣ ሽማግሌ ሲጠይቁት ይረሳል። ሲሳሳቱበት ግን ሁሉም ትዝ ይለዋል።»

ለካ ሆን ብላ ነው! ጡሩንባውንም ያጣበቀችው በማስቲካ ነበር፣ በኋላ እንዲነቀል። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ይህም ይሁን። ደንበኛ ይሄዳል፣ ይመጣል። አባቴን ስትወስድብኝ ግን ዓይኔ ደም ለበሰ። የቤት ቁልፍ ሊያቀብለኝ በመጣበት ዕለት ነው የሷን ሥራ ያየው። ቁልፉን እንደያዘ እኔን አልፎ እሷ ጋ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ባቡር አነሳና አሸተተው። አሸተተው!

«ናፍጣ ናፍጣ ይላል» አለ።

«በናፍጣ ጨርቅ ስላሸሁት ነው ጋሼ። አረፍ ይበሉ እንጂ» ብላ በርጩማዋን አቀረበችለት።

እዚያች በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሥራ እንደሚገባ ሰው ይመጣል። ለኔ አንገቱን ነቅነቅ ያደርግልኝና ፊቱን ወደሷ ያዞራል። እኔ በመዶሻ ጫጫታ መሃል ጆሮዬን አቁሜ የምሰማው ቤታችን ውስጥ ተነግሮ የማያውቅ ነገር ነው። የመተሐራ ሙቀት ብረቱን እንዴት እንደሚያግለው፣ ድልድይ ሲሻገር ለምን ኮፍያውን እንደሚያወልቅ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ምን ምን እንደሚሸት። እኛ ቤት ወሬው ምንድነው? «እራት ቀረበ?» «አዎ።» «እሺ።» በቃ። የገዛ አባቴን ታሪክ ቆርቆሮ ሻጭ ጋ ሄጄ ተደብቄ ልስማ?

«ልጄ» ይላታል። እሷ ደግሞ «ጋሼ፣ የእርስዎን ዳልቻ እሠራታለሁ፤ አያስቸኩሉኝ ብቻ» አለችው። እኔ ሦስት ጊዜ የሠራኋትን ዳልቻ! እሱም እንደ ልጅ ፈነደቀ። ያን ዕለት ማታ ቤት ስንገባ ጥርሱ አልተከደነም።

በማግስቱ አላስቻለኝም። ሱቋ ሄድኩና «ዘይነባ፣ ዳልቻን ተይልኝ» አልኳት። «ሌላውን ሁሉ ሥሪ። መርካቶን ውሰጂው። እሷን ብቻ ለኔ ተይልኝ።»

ሳቋን አቋርጣ አየችኝ። «ያንተዎቹን አይቻቸዋለሁ እኮ። ጋሼ በፌስታል ይዘው መጥተው አሳይተውኛል።»

ለሐሜት ነዋ ያመጣቸው፣ አልኩ በሆዴ።

«ቆይ፣ በአላህ፣ ዳልቻ ለምን ዳልቻ የተባለች ይመስልሃል?» አለችኝ። «አንተ የጎመን ቅጠል አስመስለሃታል።»

ዳልቻ ማለት አመድ የመሰለ ከብት መሆኑን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ባቡሮቹ አረንጓዴ ነበሩ፤ አረንጓዴ ቀባኋት፤ አለቀ። ፀሐይና አቧራ ቀለሟን በልተውት አመድ መስላ እንደነበር፣ አባቴም የወደዳት በዚያ መልኳ እንደሆነ አንድም ቀን አልመጣልኝም።

«ና አብረን እንሥራት» አለችኝ። «አንተ በይድ፣ እኔ ላስረጃት።»

«የራስሽን አባት ፈልጊ!» ብዬ ጮህኩባትና ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

ክፋቷ ደግሞ ደግነቷ ነው። ከዚያ ጠብ በኋላ ታይፎይድ ይዞኝ ተኛሁ። ጠዋት ጠዋት ሱቄን የምትከፍትልኝ እሷ ነበረች። የራሷን ትታ የኔን ትሸጣለች፤ «የታዴን መጋጠሚያ እዩልኝ! እንደሱ የሚበይድ መርካቶ ውስጥ ካለ አምጡ!» እያለች ትጮሃለች አሉ። ድኜ ስመለስ መደርደሪያዬ ባዶ ነበር። አመሰገንኳት፣ ግን በጥርሴ ነው። በሰላም እንድጠላት እንኳ አልተወችኝም።

ከዚያ እሷ ታመመች። ሆዴን ትላለች፣ ዳማከሴ ትጠጣለች፣ ትስቃለች። ሐኪም ቤት ስትገባ ሁላችንም ነገ ትወጣለች ብለን ነበር። አልወጣችም።

ለቅሶው አልፎ ወንድሟ ከድር ሱቋን ሊያጸዳ መጣ። ዕቃዋን አንድ በአንድ እያወጣ ለጎረቤት ያድላል። ብልቃጦቹን፣ ወንፊቷን፣ ብሩሾቿን። በመጨረሻ በጨርቅ የተጠቀለለ የቆርቆሮ ሥራ አወጣ። ሳየው አወቅኋት። ዳልቻ ናት። ተቆርጣ፣ ተጣብቃ፣ ቀለም ያልነካት። ሌላ ሠሪ እጁን ሲዘረጋ ዘልዬ ነጠቅሁት።

«የኔ ናት!» አልኩ።

ከድር ግራ ተጋብቶ «ውሰዳት፤ የጋሽ በየነ ናት ትል ነበር» አለኝ። ለዘይነባ ብዬ የወሰድኳት እንዳይመስላችሁ። ጨርሼ አባቴ ፊት ላቀርባት ነው። በቁሟ በለጠችኝ፤ ሙታም ትብለጠኝ? አይሆንም!

መጋጠሚያዎቿን በሙሉ አቅልጬ እንደ አዲስ በየድኳት። የእጅ መደገፊያዋን ከጃንጥላ ሽቦ፣ የመስኮቷን መስታወት ከመድኃኒት ማሸጊያ ፕላስቲክ ሠራሁ። ከዘይነባ የቀረው ቁርጥራጭ ቆርቆሮው ብቻ ነው። ቀለሙ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ምን ያህል ነው የደበዘዘችው? የት የት ነው የተላጠችው? አባቴን ብጠይቀው «ተወኝ እስቲ፣ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ከዘይነባ ሞት ወዲህ በርጩማውም የለ፣ ኮቱንም አይለብስ፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ እያየ ይውላል።

ስለዚህ ተሳሳትኩበት። እራት ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ «ዳልቻ አንድ መሰላል ብቻ ነበራት አይደል?» አልኩ።

«ማነው ያለህ?»

«ሰዎች ናቸው። ደግሞ ደህና ባቡር ነጂ ክርኑን በመስኮት አያወጣም ይላሉ።»

የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው። «የትኛው ደንቆሮ ነው ይሄን ያለህ? እኔ ዕድሜ ልኬን ክርኔን የት ያስቀመጥኩ መስሎሃል? ከመስኮቱ ሥር ያለውን ቀለም የበላሁት እኔ ነኝ! በዚህ ክርኔ! ቀዩ እስኪወጣ! አይ አንተ፣ የባቡር ነጂ ልጅ ሆነህ!»

ሰደበኝ። አልጠግበው አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲያ በየእራቱ አንድ ስሕተት አቀርብለታለሁ፤ እሱ ይሰድበኛል፣ እኔ ጠዋት ሱቅ ገብቼ የተሰደብኩትን እቀባለሁ። መብራቷ ላይ ያለውን ስንጥቅ በስድብ ነው ያገኘሁት። የጭሷ ጥላሸት ወደ አንድ ጎን እንደሚያደላ በስድብ ነው ያወቅሁት። በሕይወታችን እንዲህ ረጅም ሰዓት አውርተን አናውቅም። የዘይነባን ዘዴ ሰረቅህ የሚለኝ ካለ፣ አዎ ሰረቅሁ፤ እሷስ አባቴን አልሰረቀችኝም?

ጨረስኳት። አመድ የመሰለች አረንጓዴ፣ ጠርዝ ጠርዟ ቀይ፣ ጉልበቷ ያለቀ አሮጊት ባቡር። እሑድ ከሰዓት አባቴ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ጨርቁን ገለጠ። እንደ ድሮው አላገላበጣትም። አውራ ጣቱ ማንንም ሳይጠይቅ ከመስኮቱ ሥር ሄደ፣ ቀዩ ወደሚታይበት ቦታ፤ እዚያው ቆመ።

«ዳልቻ» አለ። ቀጥሎም «ይህቺ የኔዋ ናት!» አለ።

ሰማሁት። እንደምንም «አባባ…» ብዬ አፌን ስከፍት፣

«አይ ዘይነባ!» አለ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ። «ለካ ጨርሳት ነው የሞተችው! ቃሏን ጠበቀች እኮ! ከድር ነው የሰጠህ?»

ደሜ ፈላ። የኔ እጅ ነው! እኔ ነኝ የሠራኋት! ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ብነግረው ቀና ብሎ እኔን ያያል፤ ከዚያ ባቡሯን እንደገና ያያል፣ የልጁ ሥራ አድርጎ። ያን ጊዜ አውራ ጣቱን ከዚያ ቦታ ቢያነሳስ? ያንን ፈራሁ።

«አዎ፣ ከድር ነው የሰጠኝ» አልኩት።

ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና «አየህ?» አለኝ። «ሥራ ማለት እንዲህ ነው። ተማር!»

«እሺ አባባ።»

በቁሟ ሳለች እንኳ የዚያን ቀን ያህል ቀንቼባት አላውቅም።